የታተመ አጥንት፦ ከድንቅነሽ ትከሻ እስከ ሀብሩ በሬ

ከወልድያ ወደ መርሳ በሚወስደው አውራ ጎዳና የተመላለሰ ሰው እንደሚያውቀው፣ ክረምት ሊገባ ሲል ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ማሳ የበሬ ጥማድ የማይታይበት ሰዓት የለም። ባለፈው ዓመት በዚያው ወቅት ለማስተማር ወደ መርሳ ስንጓዝ፣ ከሲሪንቃ ጥቂት አለፍ እንዳልን ሰዎች በማሳ ዳር ተሰብስበው አየን። አብሮን ይጓዝ የነበረው የእንስሳት ሐኪም ባልደረባችን መኪናው እንዲቆም ጠየቀ። የወደቀው በሬ ነበር። ከእርከን ላይ ተንሸራቶ የቀኝ የኋላ እግሩ ከቅልጥሙ ላይ ተሰብሯል። ጎረቤቶቹ «ሳይሞት ይታረድና ቅርጫ ይግባ» ይላሉ፤ አንድ በዕድሜ የገፉ ወጌሻ ደግሞ ቀርከሃ እየሰነጠቁ ነው። ባለቤቱ ከሁለቱም ወገን ሳይሆኑ በሬው ራስጌ ቆመዋል።

በቦርሳችን ውስጥ ለተማሪዎች ማሳያ እንዲሆን በባለ ሦስት አውታር ማተሚያ ያሳተምነው የበሬ ቅልጥም ነበር። ባልደረባችን ስብራቱ የት ላይ እንደ ሆነ ለማስረዳት ሲፈልግ አውጥተን ሰጠነው። ባለቤቱ ነጩን ፕላስቲክ አገላብጠው አዩትና፣ «መምህር፣ ይህ የላስቲክ እግር መሬቴን ያርስልኛል?» ሲሉ ጠየቁን።

ውድ አንባቢያን፣ ጥያቄው ቀልድ አልነበረም። አንድ በሬ ያጣ ገበሬ የሚያጣው የጥማዱን እኩሌታ አይደለም፤ ጥማዱን በሙሉ ነው፤ በአንድ በሬ አይታረስምና። በዚህ ጽሑፍ የታተመ አጥንት እንዴት እንደሚሠራ፣ ለእንስሳት ቀዶ ሐኪም ምን እንደሚጠቅመውና ለወልድያ፣ ለመርሳና ለሀብሩ ገበሬ ምን ሊያደርግለት እንደሚችል፣ ምንስ ሊያደርግለት እንደማይችል ለመመርመር እንሞክራለን። የገበሬውን ጥያቄም በመጨረሻ እንመለስበታለን።

ጥላ ብቻውን አይበቃም

ቪልሄልም ሮንትገን የተባለው ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ ኤክስሬይን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው። አዲሱ ጨረር በጦር ሕክምና ላይ ሲውል ገና ከመነሻው የእኛ አገር ታሪክ አብሮት መኖሩን ብዙዎቻችን አናውቅም። በዓድዋ ዘመቻ ከቆሰሉት የኢጣሊያ ወታደሮች መካከል ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1896 ኔፕልስ በሚገኘው የጦር ሆስፒታል ውስጥ በክንዳቸው የቀረው ጥይት የተፈለገው በዚሁ ጨረር ነበር። ሥራውን ያከናወነው ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ የጦር ሐኪም ነው። ጨረሩ ከተገኘ ገና ስድስት ወር ገደማ ነበር።

ሆኖም ኤክስሬይ የሚሰጠን ጥላ ነው። እጃችንን ከኩራዝ ፊት ብንዘረጋ በግድግዳው ላይ የሚታየው ጥላ የእጃችንን ዳርቻ እንጂ ውፍረቱን አይነግረንም። ከአንድ ወገን የተነሣ ራጅ ላይ አንዱ የአጥንት ስባሪ ከሌላው ፊት ይሁን ኋላ መለየት አይቻልም። ሐኪሞች ከፊትና ከጎን ሁለት ራጅ የሚያነሡትም ስለዚህ ነው። ግን ሁለትስ ይበቃል?

ይህን በቀላል ምሳሌ እንይ። አንድ ነጋዴ አራት የተቆለፉ ሣጥኖች ሁለት በሁለት አድርጎ ደረደረ እንበል። በእያንዳንዱ ሣጥን ስንት ኪሎ እህል እንዳለ አይነግረንም፤ የመስመሮቹን ድምር ብቻ ይነግረናል። የላይኛው ረድፍ 5 ኪሎ፣ የታችኛው 9 ኪሎ፣ የግራው ዓምድ 6 ኪሎ፣ የቀኙ ዓምድ 8 ኪሎ ነው። በላይ 2 እና 3፣ በታች 4 እና 5 ብለን ብንመልስ ልክ ነው። ነገር ግን በላይ 1 እና 4፣ በታች 5 እና 4 ብንልም ድምሮቹ ሁሉ ይገጥማሉ። ሁለት አቅጣጫ አላዋጣንም ማለት ነው። አሁን ነጋዴው «ከላይ ግራ እስከ ታች ቀኝ ባለው ሰያፍ መስመር ያለው 7 ኪሎ ነው» ብሎ ቢጨምርልን ሁለተኛው መልስ ይወድቃል፤ 1 እና 4 ሲደመር 5 እንጂ 7 አይሆንምና። የመጀመሪያው ብቻ ይቀራል።

የሲቲ ስካን ምስጢር ይኸው ነው። ጨረሩ በአካሉ ዙሪያ እየዞረ ከብዙ መቶ አቅጣጫ ይለካል፤ ኮምፒዩተሩ ድምሮቹን ይዞ በእያንዳንዷ ጥቃቅን ሣጥን ውስጥ ጨረሩ ምን ያህል እንደ ተዋጠ ያሰላል። የስሌቱን መሠረት ዮሐን ራዶን የተባለው የኦስትሪያ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1917 አስቀምጦት ነበር። ለሕክምና የሚውልበትን መንገድ ካሰቡት አንዱ ደቡብ አፍሪካዊው የፊዚክስ መምህር አላን ኮርማክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 በኬፕታውን ሆስፒታል ይሠራ በነበረበት ጊዜ የጀመረውን ሐሳብ በ1963 እና በ1964 አሳተመው፤ ዞር ብሎ ያየው ሰው ግን ጥቂት ነበር። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ የኮርማክን ሥራ ሳያውቅ መሣሪያውን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1971 የመጀመሪያዋን ታካሚ አስነሣ። ሁለቱም በ1979 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ሃውንስፊልድ መሣሪያውን በሰው ላይ ከማዋሉ በፊት ከሞከረባቸው ነገሮች አንዱ ከሥጋ ነጋዴ የተገዛ የበሬ አንጎል መሆኑን ለአንባቢያን ማስታወስ እንወዳለን። የሲቲ ስካን ውለታ በበሬ ላይ አለበት ማለት ነው።

ከቁጥር ወደ ክር

ሲቲ ስካን የሚሰጠን ፎቶግራፍ ሳይሆን የቁጥሮች ክምችት ነው። በሃውንስፊልድ ስም በተሰየመው መለኪያ ውኃ 0፣ አየር ከዜሮ በታች 1000 ሲሆን፣ ጠንካራው የአጥንት ቅርፊት ብዙውን ጊዜ ከ1000 በላይ ይሆናል። ሶፍትዌሩን «ከዚህ ቁጥር በላይ ያለውን ብቻ አስቀርልኝ» ብንለው ቆዳው፣ ሥጋውና ጅማቱ ይወገዱና አጥንቱ ብቻውን በኮምፒዩተሩ ላይ ይቀራል። ቀጥሎ የአጥንቱ ገጽ በጥቃቅን ሦስት ማዕዘኖች ይሸፈናል፤ ማተሚያው የሚያነበው ይህንን ነው።

ለመሆኑ ማተሚያው እንዴት ያትማል? የመጀመሪያውን ዘዴ አሜሪካዊው ቻርልስ ሃል በ1980ዎቹ መጀመሪያ የፈጠረው ሲሆን፣ ፈሳሽ ሙጫን በብርሃን እያጠነከሩ ንብርብር በንብርብር ላይ መሥራት ነው። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የሚታየው ርካሹ ማተሚያ ግን በስኮት ክራምፕ ዘዴ የሚሠራ ነው። የፕላስቲክ ክር 200 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይሞቅና በቀጭን ቀዳዳ እየወጣ፣ እናቶቻችን እንጀራ ሲጋግሩ ሊጡን በምጣዱ ላይ ከዳር ወደ መሐል እያዞሩ እንደሚያፈስሱት ሁሉ፣ አንዱን ገበታ ጨርሶ ሌላውን በላዩ ይደርባል። የዘዴው የባለቤትነት መብት ዘመን እ.ኤ.አ. በ2009 ሲያበቃ፣ ቀድሞ የፋብሪካ ብቻ የነበረው ማተሚያ ወደ ጠረጴዛ ላይ ወረደ፤ ዋጋውም አብሮ ወረደ።

አንድ ገበታ 0.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው፣ 35 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የበሬ ቅልጥም ቆሞ ቢታተም 1750 ገበታዎች ይደረደራሉ። ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ብንሰጥ ሥራው ከ29 ሰዓት በላይ ይፈጃል። መብራት በተደጋጋሚ ለሚቋረጥበት አገር ይህ ቁጥር ብዙ ይናገራል። በቦርሳችን የነበረው ቅልጥምም ከማተሚያው አልጋ ስለ በለጠ በሁለት ተከፍሎ ታትሞ በሙጫ የተያያዘ ነበር።

እዚህ ላይ የፊዚክስ ተማሪ ሊዘነጋው የማይገባ ነገር አለ። ቅጂ ከዋናው ልኬት አይበልጥም። ስካነሩ በየ2 ሚሊ ሜትሩ የቆረጠውን አጥንት ማተሚያው በ0.1 ሚሊ ሜትር ቢያትመው፣ የጸጉር ያህል የሆነው ስንጥቅ ተመልሶ አይመጣም። የታተመው አጥንት ለስላሳና ውብ ሆኖ መታየቱ እውነተኛ ለመሆኑ ማስረጃ አይደለም።

ከመጋዙ በፊት

በትምህርት ላይ በነበርንበት አገር የእንስሳት ቀዶ ሕክምና ክፍልን የመጎብኘት ዕድል ገጥሞን ነበር። ታካሚው ውሻ ነው። በውሻ የፊት እግር ከክርን በታች ጎን ለጎን የሚያድጉ ሁለት አጥንቶች አሉ። ቡችላው ጉዳት ደርሶበት የአንደኛው የዕድገት ገጽ ቀድሞ ከተዘጋ፣ ያኛው ማደጉን ሲቀጥል ይኼኛው እንደ ጠፍር ይይዘዋል፤ እግሩም እንደ ቀስት ይጎብጣል፣ ይጠመዘዛልም። ሐኪሙ አጥንቱን ቆርጦ፣ አዙሮና አቅንቶ በብረት ማሰር አለበት። የቱ ላይ ይቆረጥ? በስንት ዲግሪ ይዙር? በሁለት ራጅ ይህን መገመት ከላይ እንዳየነው እንደ ሣጥኖቹ እንቆቅልሽ ነው።

ሐኪሟ ያደረገችው እነሆ። የታተመውን አጥንት በጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ በመጋዝ ቆረጠችው፤ አቅንታ አየችው፤ አልወደደችውም። ሌላ ቅጂ አስመጥታ አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብላ እንደገና ቆረጠች። ሁለተኛው ሲገጥምላት የብረቱን ዝርግ በቅጂው ላይ እያስደገፈች አጎነበሰችው፤ የብሎኖቹንም ርዝመት ለካች። በማግሥቱ ወደ ቀዶ ሕክምናው ስትገባ ብረቱ ተዘጋጅቶ፣ በእንፋሎት ተቀቅሎ ይጠብቃት ነበር። ውሻው በሰመመን፣ ቁስሉም ክፍት ሆኖ ብረት ማጎንበስ ቀረ ማለት ነው። ቁስል ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ ባጠረ ቁጥር የመመረዝ አደጋው ይቀንሳልና፣ የቅጂው ዋና ጥቅም ይህ ነው።

ታዲያ ብረቱ ሲቀቀል ቅጂው ግን ከበር ውጭ ቀረ። በሰፊው የሚሠራበት የፕላስቲክ ክር ከበቆሎና ከመሰል ሰብሎች ስታርች የሚሠራ ሲሆን በ60 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል፤ የሕክምና መሣሪያ በእንፋሎት የሚቀቀለው ደግሞ በ121 ዲግሪ ነው። ወደ ቁስሉ የሚቀርብ ቅጂ ከተፈለገ ሙቀቱን ከሚችል ሌላ ቁስ መታተም አለበት። የመርሳን ፀሐይ የሚያውቅ አንባቢ ቅጂውን በተዘጋ መኪና መስኮት ሥር አለመተው እንዳለበት ከዚሁ ይረዳል።

ድንቅነሽ በቀዶ ሐኪም እጅ

በታተመ አጥንት ስብራትን የመመርመር ሥራ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ከሀብሩ ቆላ ወደ ምሥራቅ ስንወርድ በምናገኘው በአፋር ምድር፣ ሐዳር በተባለው ሥፍራ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1974 የተገኘችው ድንቅነሽ የመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች ውስጥ ልትቆጠር ትችላለች። ዕድሜዋ 3.18 ሚሊዮን ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 አጥንቶቿ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲን በከፍተኛ የጥራት ደረጃ ተሰከኑ። ፕሮፌሰር ጆን ካፐልማን በቀኝ ክንዷ ላይ፣ ከትከሻዋ መገጣጠሚያ አጠገብ፣ ለቅሪተ አካል ያልተለመደ ስብራት አስተዋሉ። ቅጂው በአሁኑ ሰው ልክ ጎልቶ ታትሞ ለአንድ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ታየ። ሐኪሙም ከከፍታ የወደቀ ሰው እጁን ዘርግቶ መሬት ሲመታ የሚደርሰው ዓይነት ስብራት ነው አሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣው ጥናት ድንቅነሽ ከረጅም ዛፍ ወድቃ ሳትሞት አልቀረችም ሲል ደመደመ። የትከሻዋና የጉልበቷ ቅጂ ፋይሎችም ማንም ወስዶ እንዲያትማቸው በኢትዮጵያ መንግሥት ፈቃድ ለሕዝብ ተለቀቁ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ድንቅነሽን ያገኟት ዶናልድ ዮሐንሰን ራሳቸው አልተቀበሉትም፤ ይህን የመሰለ ስብራት ከዛፍ ሊወድቅ በማይችለው በዝሆን አጥንት ላይም ይታያል፣ ከሞት በኋላ የአፈር ጭነት የሚያመጣው ነው ሲሉ ተከራከሩ። ለእኛ ዋናው ትምህርት ይህ ነው። ቅጂው የስብራቱን ቅርጽ ያሳያል፤ የስብራቱን ታሪክ አይነግርም። ታሪኩን ለማወቅ ሌላ ማስረጃ፣ በእንስሳት ሕክምና ደግሞ ባለቤቱን መጠየቅ ያስፈልጋል።

«ይህ የግራ ነው»

ወደ ማሳው ዳር እንመለስ። ባልደረባችን በቅጂው እየጠቆመ ሲያስረዳ፣ ወጌሻው ቀርከሃውን አስቀምጠው ፕላስቲኩን ተቀበሉ። ዓይናቸውን ከበሬው ሳያነሡ በአውራ ጣታቸው ከላይ እስከ ታች ዳሰሱትና፣ «ልጆቼ፣ ይህ የግራ ነው፤ የተሰበረው የቀኝ ነው» አሉን። ትክክል ነበሩ። ሁለታችንም የዶክተርነት ማዕረግ ይዘን ይህን ልብ አላልንም።

የወጌሻው አባባል ሳያውቁት ቀዶ ሐኪሞች የሚጠቀሙበትን ስልት የነካ ነው። አጥንት በጣም ሲደቅ የቀድሞ ቅርጹ ከየት ይገኛል? ከጤነኛው እግር። የግራው እግር ይሰከንና ኮምፒዩተሩ በመስታወት እንደሚታይ አድርጎ ይገለብጠዋል፤ የተገለበጠው ግራ የቀኙ ምሳሌ ይሆናል። ፈጽሞ አንድ ባይሆንም፣ ብረት ለማጎንበስና ስባሪዎችን ለመደርደር በቂ መሪ ነው።

ወጌሻው የዳሰሱት ሌላም ነገር ነበር። በሬው ላይ ስብራቱ ከጉልበቱ ብዙም አልራቀም፤ አጥንቱም ቆዳውን ቀዶ ወጥቷል። «ይህ አይታሰርም» አሉ። ባልደረባችንም በዚህ ተስማማ። ምክንያቱን በፊዚክስ ቋንቋ እናስቀምጠው። ሰው እግሩ ቢሰበር በአልጋ ላይ ይተኛል። በሬ ግን በዕለቱ መነሣት አለበት፤ ተኝቶ ከቆየ ጡንቻውና ሳንባው ይጎዳሉ። 300 ኪሎ ግራም የሚመዝን በሬ ወደ 3000 ኒውተን ይከብዳል። ሲነሣ የዚህ ሲሶ ብቻ በተሰበረው እግር ላይ ቢያርፍና ኃይሉ ከአጥንቱ መስመር 10 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ፣ ስብራቱን የሚያጥፈው ጉልበት አንድ ሜትር በሚረዝም መፍቻ ጫፍ ላይ 10 ኪሎ ግራም ያህል እንደ ማንጠልጠል ነው፤ ያውም በየእርምጃው። ቀርከሃ ይህን አይችልም፤ ለውሻ የተሠራ ብረትም አይችልም።

በሬው በዚያው ቀን ታረደ። ባለቤቱ ሥጋውን ለቅርጫ ሸጡ።

ለየትኛው ስብራት፣ በምን ዋጋ?

እንግዲህ እውነቱን ሳንሸሽግ እንናገር። በገጠር የሚያጋጥመው የእንስሳት ስብራት ብዙው ቅጂ አያሻውም። ለምሳሌ ላም ስትወልድ ተቸግራ ጥጃው በገመድ በኃይል ሲጎተት፣ ከፊት ጉልበቱ በታች ያለው ቀጥ ያለ አጥንት ሊሰበር ይችላል። ጥጃ ቀላል ነው፤ አጥንቱም ቶሎ ይገጥማል። ቆዳው ካልተቀደደ፣ በደንብ የታሰረ ጄሶ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ያድነዋል። እዚህ የሚጎድለው ማተሚያ ሳይሆን ጄሶውና በጊዜ የሚደርስ ባለሙያ ነው። የታተመ አጥንት ለቀዶ ሐኪም በእርግጥ የሚያስፈልገው አጥንቱ ሲጣመም፣ መገጣጠሚያው ውስጥ ሲሰበር ወይም መንጋጋና ዳሌን የመሰለ ውስብስብ ቅርጽ ሲነካ ነው። ይህም ሲቲ ስካን፣ ሰመመን፣ ብረትና ከቀዶ በኋላ ክትትል በሌለበት ቦታ ከንቱ ነው።

ታዲያ ማተሚያው ለመርሳ አይጠቅምም ማለታችን ነውን? አይደለም። ጥቅሙ ከቀዶ ክፍሉ በፊት፣ ከትምህርት ክፍሉ ይጀምራል። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2021 ጦርነት ወቅት ከባድ ዝርፊያና ውድመት የደረሰበት ተቋም ነው። ቤተ ሙከራን እንደ አዲስ ሲያደራጁ፣ ከውጭ በውድ ዋጋ የሚገዛ የአጥንት ማሳያ ከመጠበቅ በእጅ ያለውን መጠቀም ይቻላል። ከቄራ የተገኘ አጥንት ተቀቅሎ፣ ነጽቶና ደርቆ በመስኮት ብርሃን ይቀመጣል፤ በተንቀሳቃሽ ስልክ ዙሪያውን ከመቶ በላይ ፎቶግራፍ ይነሣል። ኮምፒዩተር የፎቶግራፎቹን የጋራ ነጥቦች አዛምዶ ባለ ሦስት አውታሩን ቅርጽ ያወጣዋል። ከአጠገቡ የሚቀመጥ ማስመሪያ ትክክለኛውን መጠን ይሰጣል። ይህ ዘዴ የአጥንቱን ገጽ እንጂ ውስጡን አያሳይም፤ ለማስተማሪያ ግን ይበቃል።

ዋናው አጥንት በእጅ እያለ ቅጂው ለምን አስፈለገ የሚል አንባቢ ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። አንድን ጤነኛ አጥንት ለማወቅ ዋናው ከቅጂው ይበልጣል። ነገር ግን አንድ ብርቅ ስብራት አንድ ጊዜ ብቻ ይገኛል። ፋይሉ ከተያዘ ለሠላሳ ተማሪ ሠላሳ ቅጂ ይታተማል፤ እያንዳንዱ ተማሪ ይሰረስረዋል፣ ይቆርጠዋል፣ ይሳሳትበታል። የመጀመሪያው ስህተት በፕላስቲክ ላይ ይሁን እንጂ በሰው ንብረት ላይ አይሁን። ጠባብ እስር የደም ዝውውርን ዘግቶ እግርን እንደሚገድል ለወጌሾች ለማስረዳትም፣ ከንግግር ይልቅ ቅጂውን ከነደም ሥሮቹ መንገድ በእጃቸው መስጠት ይሻላል። እነሱም እንዳየነው የሚያስተምሩን አላቸው።

አሁን የገበሬውን ጥያቄ እንመልስ። የላስቲኩ እግር መሬት አያርስም፤ ያን በሬም አላዳነውም። ያን ዕለት የሠራው ሥራ አንድ ነው። ባለቤቱ በሬያቸው የማይድንበትን ምክንያት በእጃቸው ዳስሰው ዐወቁ፤ ሕይወቱ በከንቱ ስቃይ ሳይራዘም፣ ሥጋውም ሳይበላሽ ጥቂት ገንዘብ አተረፉ። ስንለያያቸው፣ «መምህር፣ ለሚቀጥለው ጊዜ የቀኙንም ይዘህ ና» አሉን።

ቀኙን አሳትመናል። የተሠራውም ሌላ አጥንት ተፈልጎ ሳይሆን ያው የግራው ፋይል በኮምፒዩተር ተገልብጦ ነው። አሁን ሁለቱም በመርሳ ለተማሪዎች ማሳያ ሆነው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ በቀኙ ላይ ወጌሻው በጣታቸው ያሳዩን የስብራት መስመር በቀይ ቀለም ተሠምሯል።